የማይሰማን ብልጭታ፦ ስታቲክ ኤሌክትሪክ በሞባይል ጥገና ጠረጴዛ ላይ

በበጋ ማታ መብራት አጥፍታችሁ የናይለን ብርድ ልብስ ስትገልጡ ትንንሽ ብልጭታዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሹራብ በጭንቅላታችሁ ስታወልቁስ ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ? አዲስ አበባ ላደገ ሰው ብርቅ አይደለም። የበር እጀታ ሲነዝረን ደንገጥ ብለን፣ ስቀን እናልፈዋለን። ይኸው ነገር የስልክ ሆድ ዕቃ በተከፈተበት ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን አያስቅም።

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤናና ወደ ቤተል የሚወስዱትን መንገዶች ይዛችሁ ኮልፌ ቀራንዮን ብትዞሩ ሞባይል የሚጠግኑ ትንንሽ ቤቶች ታገኛላችሁ። በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጭቅጭቅ አለ። ስክሪኑ ተቀይሮለት እየሠራ የሄደ ስልክ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳል፤ ንክኪው እምቢ ብሏል ወይም ቻርጅ አይቀበልም። ደንበኛው "ፎርጅድ ገጥመህልኝ ነው" ይላል። ጠጋኙ ደግሞ "ጥለኸው መሆን አለበት" ይላል። ከሁለት አንዳቸው እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ግን ማንም ስሙን የማያነሳው ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ ስክሪኑ ሲቀየር ከጠጋኙ ጣት ወደ ቦርዱ የዘለለ፣ ማንም ያላየውና ያልተሰማው ብልጭታ።

እንዴት ያልተሰማው? ከመጀመሪያው እንነሳ።

ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ አንዱ ከሌላው ጥቂት ኤሌክትሮኖች ይዞ ይሄዳል። መፋተግ ንክኪውን ያበዛዋል እንጂ ዋናው ነገር መንካትና መለያየቱ ነው። የጫማ ሶል ከወለል፣ ሱሪ ከፕላስቲክ ወንበር፣ ፌስታል ከጠረጴዛ ሲላቀቅ ሁሉ ይህ ይሆናል። የተከማቸው የኤሌክትሪክ ሙል መሄጃ መንገድ ካገኘ ወዲያው ይፈሳል፤ ካላገኘ ባለበት ይቆያል። "ስታቲክ" የተባለውም ለዚሁ ነው፣ የቆመ ማለት ነው።

በዚህ ዘርፍ ሥልጠናዎች ላይ ሁልጊዜ የሚጠቀስ አንድ የቁጥር ሠንጠረዥ አለ። የአየሩ እርጥበት ከ10 እስከ 25 በመቶ ሲሆን ምንጣፍ ላይ የተራመደ ሰው እስከ 35,000 ቮልት ሊሸከም ይችላል። እርጥበቱ ከ65 እስከ 90 በመቶ ሲደርስ ያው ሰው፣ ያው ምንጣፍ፣ 1,500 ቮልት ገደማ ብቻ። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ደግሞ በደረቅ አየር 6,000፣ በእርጥብ አየር 100 ቮልት። በክረምት ልጆች ብርድ ልብስ ውስጥ ብልጭታ የማያዩት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው እርጥብ አየር ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ይመስለዋል፤ አይደለም። እርጥበቱ በዕቃዎች ገጽ ላይ ዓይን የማያየው ስስ የውሃ ሽፋን ይሠራል፣ ሙሉም በዚያ ሽፋን ላይ እየተንሸራተተ ይበተናል። በበጋ ከሰዓት በኋላ፣ አየሩ ከንፈር በሚሰነጥቅበት ሰዓት፣ ያ ሽፋን የለም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች አየራችን ስስ ነው፤ ያው ቮልቴጅ እዚህ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍተት መዝለል ይችላል።

"35,000 ቮልት? ታዲያ እንዴት አንሞትም?" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሱ መጠኑ ነው። የሰው አካል ሙል የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው፤ መሐንዲሶች ሲሞክሩ 100 ፒኮፋራድ አድርገው ይወስዱታል። በ3,000 ቮልት ቢሞላ የሚይዘው ጉልበት 0.45 ሚሊጁል ብቻ ነው። አንድ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,200 ሚሊጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ወደ 9,000 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ለእኛ ምንም ነው።

3,000 ቮልትን በነሲብ አልመረጥኩትም። የሰው ጣት ብልጭታውን መሰማት የሚጀምረው እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ሰውየው ምንም አላደረግኩም ብሎ በእርግጠኝነት ይምላል። አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን በ100 ቮልትና ከዚያም ባነሰ ይበላሻል። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የሚወለደው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው።

ቺፕ ለምን እንዲህ ይሰስታል? ቺፕ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ትራንዚስተር በሩን የሚለይ እጅግ ስስ የመከላከያ ሽፋን አለው። የብዙዎቹ ሽፋን ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት አለው፤ የፀጉራችን ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር መሆኑን አስቡት። ከሲሊኮን ኦክሳይድ የተሠራ ሽፋን በአንድ ናኖሜትር 1 ቮልት ገደማ ይቋቋማል። አምስት ናኖሜትር ከሆነ እንግዲህ አምስት ቮልት አካባቢ ላይ ይበሳል ማለት ነው። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ቺፑ መግቢያዎች ላይ ትርፉን ሙል ወደ ጎን የሚያሳልፉ መከላከያዎች ይሠራሉ፤ ባይሠሩ ኖሮ አንድም ስልክ ከፋብሪካ በሕይወት አይወጣም ነበር። መከላከያውም ግን ልክ አለው።

ቺፑ ያኔውኑ ቢሞት እንኳ ደግ ነበር፤ ጠጋኙ ከእጁ ሳይወጣ ያውቀዋል። ክፉው ግማሽ ጉዳት ነው። ሽፋኑ ይሳሳል እንጂ አይበሳም፣ ወይም አንዷ ሽቦ ጠርዟ ይቀልጥና ትቀጥናለች። ስስ ስንጥቅ ያለባት ጀበና ማለት ነው፤ ዛሬ ቡና ትቀዳለች፣ አንድ ቀን እሳት ላይ ሳለች ትሰነጠቃለች። እንዲህ ያለው ድብቅ ጉዳት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጋጥም ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፣ ሊከሰት እንደሚችል ግን አይከራከሩም። ከጥገና በኋላ በሳምንታት ውስጥ የሚመለስ ስልክ ሁሉ የዚህ ሰለባ ነው እያልኩ አይደለም። ፎርጅድ ስክሪንም አለ፣ የወደቀ ስልክም አለ። ተጠርጣሪው ከዝርዝሩ አይውጣ ነው የምለው።

ስልክ መገጣጠም አገራችን ውስጥ እንግዳ ሥራ አይደለም፤ የቴክኖ ስልኮች ባለቤት የሆነው ትራንሽን በ2011 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ከፍቷል። የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች በዓለም ዙሪያ ለዚህ ጉዳይ የሚመሩባቸው ደንቦች አሉ፣ ከታወቁት አንዱ አይኢሲ 61340-5-1 ይባላል። ወለሉ፣ ጫማው፣ ጋዋኑ፣ ወንበሩ፣ ማሸጊያው ሁሉ ይለካል። ሠራተኛው ወደ ጠረጴዛው ከመቅረቡ በፊት የእጅ ማሰሪያው ይፈተሻል። አየር ጤና ላይ በሁለት ሜትር ክፍል የሚሠራ ልጅ ይህን ሁሉ ያድርግ ማለት ቀልድ ነው። የደንቡ ሐሳብ ግን ከወጪው ያነሰ ነው፤ በሁለት ቃል ያልቃል፦ ሁሉንም እኩል አድርግ፣ ቀስ አድርግ።

እኩል ማድረግ ምን ማለት ነው? መብራት ሽቦ ላይ የምትቀመጠውን ወፍ እዩ። ሽቦው ላይ ትልቅ ቮልቴጅ አለ፣ እሷ ግን ላባዋን ታበጥራለች። ሁለቱም እግሮቿ በእኩል ደረጃ ላይ ስለሆኑ በሰውነቷ የሚያልፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብልጭታ የሚዘለው ልዩነት ሲኖር ነው። ስለዚህ የጠጋኙ እጅ፣ የጠረጴዛው ምንጣፍና የስልኩ ቦርድ በአንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ በመካከላቸው የሚዘል ነገር አይኖርም። ይህን የማነሳው ብዙ ቤቶቻችን ውስጥ ሶኬቱ የኧርዝ ቀዳዳ ቢኖረውም ከጀርባው የኧርዝ ሽቦ ስለሌለ ነው። "ኧርዝ ስለሌለኝ ማሰሪያ ምን ያደርግልኛል?" የሚል ጠጋኝ ግማሹን ብቻ ነው የተረዳው። ኧርዝ ቢኖር ይመረጣል፣ በተለይ ለመበየጃው፤ ጫፉ በመብራት የሚሾልክ ቮልቴጅ እንዳይዝ። ባይኖርም ግን ሁሉን በአንድ ነጥብ ማሰር ብዙ ያድናል። ኧርዝ ፍለጋ ብላችሁ ሽቦ ሶኬት ውስጥ መሰካት ግን በፍጹም! እሱ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው።

ሁለተኛው፣ ቀስ ማድረግ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው ክፍል ነው። በመደበኛው የእጅ ማሰሪያ ገመድ ውስጥ አንድ ሜጋኦም ሬዚስተር ተደብቋል። ለምን? እንቁጠረው። በ3,000 ቮልት የተሞላ ጣት ብረት ቢነካ የአካላችን ሬዚስታንስ 1,500 ኦም ተብሎ ሲወሰድ ለቅጽበት 2 አምፔር ይፈሳል። በሜጋኦሙ በኩል ሲፈስ ግን 3 ሚሊአምፔር ብቻ። ሙሉ ከሞላ ጎደል ተራግፎ የሚያልቀውም ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ለእኛ ዓይን ከመጨፈን ይፈጥናል፣ ለቺፑ ግን የተረጋጋ ፍሰት ነው። ይኸው ሬዚስተር ሰውየውንም ያድናል። በስህተት 220 ቮልት ቢነካ በማሰሪያው የሚያልፈው 0.22 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፣ አብዛኛው ሰው እንኳ አይሰማውም። እጁን በተራ ሽቦ ከብረት ጋር ያሰረ ሰው ግን ይህ ዋስትና የለውም።

በዚሁ ምክንያት ጠረጴዛው ላይ ቆርቆሮ ወይም አሉሚኒየም ማንጠፍ መፍትሔ አይሆንም። ቺፑ ራሱ ተሞልቶ ብረት ላይ ሲያርፍ ሙሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ከናኖሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከፍ ያለ ጅረት ያልፍበታል። ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ምንጣፍ በብረትና በፕላስቲክ መካከል ያለ፣ እያዘገመ የሚያስተላልፍ ነገር ነው።

ማሰሪያ የማያደርገውም አለ። ፕላስቲክን አያራግፍም፤ ፕላስቲክ ላይ ያለው ሙል ስለማይንቀሳቀስ በየትኛውም ሽቦ አይወርድም። ስለዚህ ፌስታሉ፣ የፕላስቲክ ኩባያው፣ የስኮች ጥቅልሉ ከቦርዱ ራቅ ይበል። አዲስ ስክሪን ላይ ያለችውን መከላከያ ፕላስቲክ ስትልጡም ቀስ በሉ፤ መንካትና መለያየት ማለት እሱ ነው። መለዋወጫ የሚመጣበትን ብርማ ከረጢት አትጣሉ፤ ውስጡ ያለውን ከውጭ ብልጭታ ይጋርዳል። ሮዙ ከረጢት ግን ራሱ አይሞላም እንጂ አይጋርድም። "ገመድ አልባ" ተብሎ የሚሸጠውን ማሰሪያ ደግሞ አትግዙ። ሙሉ በየት በኩል ይሂድ?

ሥራ ከመጀመር በፊት ብረት ነክቶ መራገፍ የሚባለው ዘዴ ለዚያች ቅጽበት ይሠራል። ወንበራችሁ ላይ አንዴ ስትዞሩ ግን እንደገና ትሞላላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሶኬት ላይ የተሰካ ቴሌቪዥን ወይም ቻርጀር ከፍቶ የሚነካ ሰው ማሰሪያ አያድርግ። ማሰሪያ መብራት ለሌለበት ቦርድ ነው።

ማሰሪያ ካላችሁ ደግሞ በየጠዋቱ በመልቲሜትር ለኩት። ከእጅ በሚነካው ብረት እስከ መቆንጠጫው ድረስ አንድ ሜጋኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ገመዱ ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሚታጠፍበት ጫፍ ላይ። ከዚያ እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ፣ መቆንጠጫውን በአንዱ ዘንግ፣ ሌላውን ዘንግ በሌላ እጃችሁ ይዛችሁ ድገሙት፤ ደንቡ ከ35 ሜጋኦም በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ አንጓችሁን በሳሙና ታጠቡና እንደገና ሞክሩ። በበጋ ቆዳችን ይደርቃል፣ ለድርቀቱ ብለን የምንቀባው ቫዝሊን ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።