ገዛሁ ማለት ምን ማለት ነው?

በአማርኛ ቋንቋ «ገዛ» የሚለው ቃል ሥራው ብዙ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃ የወሰደ ሰው ገዛ ይባላል፤ አገር ያስተዳደረም ገዛ ይባላል። ከዚህም አልፎ ሰው የራሱ የሆነውን ነገር ሲናገር «የገዛ ቤቴ»፣ «የገዛ ልጄ»፣ «በገዛ እጄ» ይላል። መግዛት፣ ማዘዝና የራስ ማድረግ ሦስቱም በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለዚህ አባቶቻችን ከገበያ በገዙት በሬ ላይ ማን ያዝበታል ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ገዢው ቢያሻው ያርስበታል፣ ቢያሻው ይሸጠዋል፣ ሲሞትም ለልጁ ያወርሰዋል። ሻጩ በሌሊት መጥቶ በሬውን ከበረቱ ቢፈታው ስሙ ሌባ ነው።

ዛሬ ግን ይህ ቃል በዓለም ገበያ ላይ ትርጉሙ እየተናጋ መጥቷል። ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው የቪዲዮ ጌም ጉዳይ ነው። «ይህማ የልጆች ጨዋታ አይደለምን? ለተማረ ሰው ምን ይረባዋል?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ጨዋታው የልጆች ቢሆን እንኳ ክርክሩ የሕግ ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ አንዱን ለይተን ከምናመለክተው በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 መጨረሻ ላይ «ዘ ክሩ» የሚባል የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ለገበያ አወጣ። ተጫዋቹ በአሜሪካ ካርታ አምሳል በተሠራ ሰፊ ምድር ላይ ከኒውዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ እንደ ልቡ ይነዳል። ጨዋታው ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ ብቻውን የሚጫወት ሰው እንኳ ቢሆን በኢንተርኔት ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይነሣለትም። በ2023 መጨረሻ ኩባንያው ጨዋታውን ከሽያጭ አነሣ፤ ማርች 31 ቀን 2024 ደግሞ ሰርቨሩን ዘጋ። በቅርብ ለገዙት ሰዎች ገንዘብ ሊመለስላቸው እንደሚችል ቢነገርም፣ ከብዙ ዓመታት በፊት የገዙት፣ ዲስኩን በመደርደሪያቸው ያስቀመጡት ጭምር፣ የማይሠራ ነገር ታቅፈው ቀሩ። ጥቂት ቆይቶም የጨዋታው ፈቃድ ከገዢዎቹ የግል መዝገብ ላይ መሰረዝ ጀመረ።

በዚያው በ2024 ሁለት የካሊፎርኒያ ተጫዋቾች በኩባንያው ላይ ክስ መሠረቱ። የኩባንያው መከራከሪያ ባጭሩ፣ የሸጥንላችሁ በጨዋታው የመጠቀም ፈቃድ ነው እንጂ ጨዋታውን ራሱን አይደለም የሚል ነበር። በውሉ ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። ውሉ ግን ረጅም ነው፤ ፊደሉም ደቃቅ ነው። ገዢው «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል፤ ከፊት ለፊቱ በትልቁ ተጽፎ ያየው «ግዛ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። የዚሁ ኩባንያ አንድ ኃላፊ በ2024 መጀመሪያ ላይ፣ በየወሩ እየተከፈለ የሚታየው አገልግሎት እንዲስፋፋ ተጫዋቾች የጨዋታ ባለቤት አለመሆንን መልመድ ይኖርባቸዋል የሚል አሳብ ሲሰጥ ብዙ ተጫዋቾች የተቆጡት ስለዚህ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እነርሱ ግን ወርቁን የራሳቸው መስሏቸው ዋጋውን ከፍለው ነበር።

ይህን የመሰለ ክርክር ለፍርድ ሲቀርብ የመጀመሪያው አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ቦብስ ሜሪል የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ በአንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ፣ ይህ መጽሐፍ ከአንድ ዶላር በታች እንዳይሸጥ የሚል ማስጠንቀቂያ አሳተመ። የኒውዮርኩ የሜሲ መደብር ግን መጽሐፉን በ89 ሳንቲም ሸጠው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1908 በሰጠው ውሳኔ፣ የደራሲው መብት በድርሰቱ ላይ ጸንቶ ቢኖርም፣ አንድ ጊዜ ተሸጦ ከእጅ በወጣው መጽሐፍ ላይ ግን ሻጩ ከዚያ ወዲያ ዋጋ ሊወስንበት አይችልም አለ። ያገለገሉ መጻሕፍት በየመንገዱ የሚሸጡት፣ ሸክላና ዲስክ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ የሚዘዋወረው፣ ይህን በመሰለ የሕግ አሳብ ጥላ ሥር ነው።

ጨዋታ ከዲስክ ወጥቶ በኢንተርኔት የሚላክ በሆነ ጊዜ ግን የሕጉ መሠረት ተነቃነቀ። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕቃ የለምና። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 በዩዝድሶፍትና በኦራክል ጉዳይ፣ የጊዜ ገደብ የሌለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ፈቃድ ዋጋው ተከፍሎ ከተሰጠ ሽያጭ ነው፤ የገዛው ሰው መልሶ ሊሸጠው ይችላል ሲል ፈረደ። ይህን ይዞ አንድ የፈረንሳይ የሸማቾች ማኅበር ስቲም የተባለውን ትልቅ የጨዋታ መደብር የሚያስተዳድረውን ቫልቭን ከሰሰ። በ2019 የፓሪስ ፍርድ ቤት ለማኅበሩ ፈረደለት። በ2022 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ጨዋታ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ሥዕልም ሙዚቃም ታሪክም የተዋሐዱበት ሥራ ነው በማለት ፍርዱን ገለበጠው። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ መሰጠቱ ሕግ ከሥልጣኔው ጋር እኩል መራመድ ገና እንዳልቻለ ያሳያል።

የእኛም ሕግ ከዚህ ጥያቄ ውጪ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ባለቤትነት በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ከሁሉ የሰፋ መብት መሆኑን፣ ባለቤቱም ሊጠቀምበት፣ ሊሸጠው፣ ሊሰጠውና በኑዛዜ ሊያወርሰው እንደሚችል ይናገራል። «ግዙፍ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። በሬ ግዙፍ ነው፤ መጽሐፍ ግዙፍ ነው። በስልክ ውስጥ ያለው ጨዋታ ግን በእጅ አይዳሰስም። ነገ በዚህ ጉዳይ ሕግ የሚያረቅቁት ዛሬ በትምህርት ላይ ያሉት ወጣቶች ናቸውና አሁኑኑ ሊያስቡበት ይገባል።

ፍርድ ሚዛን እንዳይጎድልበት የኩባንያዎቹንም ቃል መስማት ያስፈልጋል። ሰርቨር ማቆም ገንዘብ ይፈጃል፤ መቶ ሰው ለሚጫወተው ጨዋታ የመቶ ሺህ ሰው ወጪ ለዘለዓለም ክፈሉ ማለት ያስቸግራል። በጨዋታው ውስጥ ያሉት እውነተኛ መኪናዎችና ዘፈኖችም ከባለቤቶቻቸው በጊዜ ገደብ በውል የተገኙ ናቸው። ሰርቨሩን ተጫዋቾች ራሳቸው ይያዙት ቢባል ደግሞ የሰዎችን ምስጢር ማን ይጠብቃል፣ ጥፋት ቢፈጸም ማን ይጠየቃል ይላሉ። እነዚህ ሁሉ ከንቱ ምክንያቶች አይደሉም።

ተጫዋቾቹም ቢሆኑ በአንድ አሳብ አልጸኑም። አሜሪካዊው ሮስ ስኮት በ2024 «ጨዋታዎችን መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ ሲያስነሣ ብዙዎች ተከተሉት፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት የቀረበው አቤቱታም በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። ሌሎቹ ግን፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚኖር ጨዋታ እንደ ቴአትር ምሽት ነው፤ መጋረጃው ሲዘጋ ያበቃል፤ ይህን በሕግ መከልከል አነስተኛ አዘጋጆችን ያስፈራራል ሲሉ ተቃወሙ። ክርክሩ አንዳንድ ጊዜ ወደ ስድብም ወረደ። ይሁን እንጂ የዘመቻውን ጥያቄ በእርጋታ ላነበበው፣ ሰርቨሩ ለዘለዓለም ይሥራ የሚል ቃል አያገኝበትም። የሚጠየቀው፣ ኩባንያው አገልግሎቱን በሚያቆምበት ጊዜ ጨዋታውን ሊሠራ በሚችልበት ሁኔታ ለገዢው ትቶለት እንዲሄድ ነው።

ይህ ደግሞ የማይቻል አይደለም። ዩቢሶፍት ራሱ ቁጣው ከተነሣ በኋላ፣ ለ«ዘ ክሩ» ተከታዮች ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩበትን መንገድ አዘጋጃለሁ ብሎ በ2024 ቃል ገባ፤ ለሁለተኛው ጨዋታም በ2025 ፈጸመው። ጂ.ኦ.ጂ. የተባለው የፖላንድ መደብርም ደንበኞቹ ጨዋታውን አውርደው በገዛ ሣጥናቸው እንዲያስቀምጡ እየፈቀደ ብዙ ዓመታት ነግዷል።

እኛ በበኩላችን ኪራይ ነውር ነው አንልም። ቤት የተከራየ ሰው ቤቱ የእኔ ነው አይልም፤ አከራዩም ቤቴን ሸጥኩ አይልም። ሁለቱም በሚያውቁት ውል ተስማምተው ይኖራሉ። ነውሩ ኪራይን በሽያጭ ስም፣ በሽያጭም ዋጋ ማቅረቡ ላይ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2024 ያወጣችውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሠራው ሕግ ይህን ለማረም የተደነገገ ነው። ሻጩ የሚሰጠው ሊነሣ የሚችል ፈቃድ ከሆነ፣ ይህንኑ ለገዢው በግልጽ ሳያስታውቅ «ግዛ» በሚለው ቃል እንዳይጠቀም ይከለክላል። ሕጉ መልካም ነው፤ ግን እኩሌታ መንገድ ነው። የቃሉን እውነት ገለጠ እንጂ ለገዢው መብት አልጨመረለትም። ምን እንደሚወሰድበት አስቀድሞ የተነገረው ሰው፣ ከመወሰዱ አልዳነም።

ጉዳዩ ከጨዋታም ያልፋል። በ2009 አማዞን ኩባንያ በኪንድል መሣሪያ የሸጣቸውን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት፣ ያቀረበው ወገን መብቱ የለውም በሚል ምክንያት ከአንባቢዎች መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። ገንዘቡን መለሰ፤ በኋላም ይቅርታ ጠየቀ። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ለትምህርቱ ሲያነብ የጻፋቸው ማስታወሻዎች መጽሐፉ ሲሄድ ፋይዳ አጡ። ከተሰረዙት መጻሕፍት አንዱ፣ መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ የሚያጠፋበትን ዓለም የሚተርከው «1984» መሆኑ የሚያስገርም ነው።

የትውልድ ትዝታም ከዚሁ ጋር ተያይዟል። በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ታሪክን የሚጠብቅ አንድ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በዚያ አገር ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች ከመቶ 87ቱ በገበያ ላይ አይገኙም። በ2024 ደግሞ የአገሪቱ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጨዋታዎችን በሩቅ ላሉ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት እንዲያሳዩ የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም። ሻጩ አይሸጠው፣ ገዢው አያስቀምጠው፣ ቤተ መጻሕፍቱ አያሳየው፤ እንግዲህ የልጅ ልጆች ምን ሊያዩ ነው? ብራና በየገዳሙ እየተገለበጠና እየተጠበቀ እስከ ዛሬ የቆየልን እኛ፣ መጠበቅ ምን ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ስለዚህ ወጣቱ አንባቢያችን በስልኩም ሆነ በኮምፒዩተሩ ላይ «ግዛ» የሚል ጽሑፍ ባየ ጊዜ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ኢንተርኔት ባይኖር ይሠራልኝን? ለወንድሜ ወይም ለጓደኛዬ ላስተላልፈው እችላለሁን? ሻጩ ነገ ሱቁን ቢዘጋ በእጄ ምን ይቀራል? ሦስቱም መልሶች የማያስደስቱ ከሆኑ፣ የሚከፍለው ዋጋ ለኪራይ የሚገባ መሆኑን አስልቶ ይክፈል። በመሥሪያ ቤት ያለውም ወጣት፣ ውል ሲያዘጋጅ ወይም ደንብ ሲያረቅቅ፣ ሽያጩን ሽያጭ፣ ኪራዩንም ኪራይ ብሎ ይጻፍ። አባቶቻችን ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲሉ የማሉበት ቃል የሚናገሩትን የሚያውቁበት ቃል ነበር። ገዛሁ ያለ ሰው በገዛው ነገር ላይ ማዘዝ ካልቻለ፣ ያው አልገዛም፤ ሌላው ገዛው እንጂ።