የቆየ ላፕቶፕ ፕሮሰሰርና ማቀዝቀዣ በሶዶ ከፍታ

በትእዛዝ የተገጣጠመ ላፕቶፕ የሚባለው ገዢው ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ የግራፊክስ ካርዱንና ዲስኩን ራሱ መርጦ፣ አንድ አምራች ባዘጋጀው ባዶ ቀፎ ውስጥ የሚያስገጥመው ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ነው። ከእነዚህ ቀፎዎች ሠሪዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የታይዋኑ ክሌቮ ሲሆን፣ የእርሱን ቀፎ በአሜሪካ ሴጀር፣ በጀርመን ሼንከር፣ በካናዳ ደግሞ ዩሮኮም የተባሉ ድርጅቶች እየገጣጠሙ በየራሳቸው ስም ሸጠውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለው ክሌቮ ፒ150ኢኤም ከዘመዶቹ ጋር እስከ ዛሬ የሚፈለግበት ምክንያት ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር በብየዳ ያልተጣበቀ፣ ከሶኬቱ ተነቅሎ በሌላ ሊተካ የሚችል መሆኑ ነው።

በወላይታ ዞንም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ይህን መሰል ማሽን እንደ ልብ አይገኝም። ይሁን እንጂ ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የሚገቡት የቢሮ ላፕቶፖች፣ ለምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 8470ፒ፣ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430፣ የሚጠቀሙት ያንኑ የፕሮሰሰር ሶኬት ስለሆነ፣ ስለ ክሌቮ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ለእነርሱም ይሠራል። በ1999 ዓ.ም. በተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ለሚጽፍ ተማሪ፣ የጊፋታ በዓልንና የሰርግን ምስል ለሚያቀናብር የቪዲዮ ባለሙያ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ከአቅም በላይ በሚሆንበት ጊዜ፣ በእጁ ያለውን ማሽን ማሻሻል ሊጤን የሚገባው አማራጭ ነው። ሆኖም የፕሮሰሰር ለውጥ ብቻውን የሚቆም ሥራ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ የሚያመነጨውን ሙቀት የሚያስወግደው ክፍል አብሮ ካልታሰበ፣ የተገዛው ፍጥነት በሙቀት ይባክናል፤ ይህም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቆረቆረችው ሶዶ ላይ የበለጠ ክብደት አለው።

ሶኬት ማለት የፕሮሰሰሩን ፒኖች ተቀብሎ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኝ መቀመጫ ነው። ኢንቴል ለላፕቶፕ ካወጣቸው ሶኬቶች ጂ2 የተባለው 988 ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሳንዲ ብሪጅ የተባለውን ሁለተኛ ትውልድ፣ በ2012 ደግሞ አይቪ ብሪጅ የተባለውን ሦስተኛ ትውልድ አስተናግዷል። ከእርሱ በፊት የነበረው ጂ1፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሀስዌል ወይም ከአራተኛው ትውልድ ጋር የመጣው ጂ3 እና ጂ2 እርስ በርስ አይተካኩም። ከአራተኛው ትውልድ በኋላ ኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹን በማዘርቦርዱ ላይ የሚበየዱ ብቻ አድርጓቸዋል፤ ስለዚህ ይህ ዓይነቱ እድሳት የሚመለከተው በአብዛኛው እስከ አራተኛው ትውልድ ያሉትን ማሽኖች ነው። ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ቀጥሎ የሚጻፈው ፊደልም መንገር የሚችለው ነገር አለ፤ «ዩ» የሚል ፊደል ያለው በብየዳ የተጣበቀ ነው፤ በአራተኛው ትውልድ «ኤምኪው» የሚለው የሚነቀል፣ «ኤችኪው» የሚለው ግን የማይነቀል ነው።

ሶኬቱ መመሳሰሉ ብቻውን በቂ አይደለም። ላፕቶፑ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራውና ባዮስ የሚባለው ፕሮግራም አዲሱን ፕሮሰሰር ካላወቀው፣ ማሽኑ ወይ ጨርሶ አይነሣም ወይም አጉል ጠባይ ያሳያል። የሁለተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች የሦስተኛውን ትውልድ ፕሮሰሰር በሶኬታቸው እየተቀበሉ በባዮሳቸው የሚመልሱት አምራቾቻቸው አስፈላጊውን ማሻሻያ ስላላወጡላቸው ነው። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ያ ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ይቀርብባቸው ከነበሩት ፕሮሰሰሮች አንዱን መምረጥ ነው። የባዮስ ማሻሻያ ካለ መጫን ያለበት አሮጌው ፕሮሰሰር ከመነቀሉ በፊት ሲሆን፣ መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ካልሆነ ሊጀመር አይገባውም፤ ማሻሻያው መሐል ላይ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛው ጥያቄ የሙቀት ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር አምራቹ በዋት የሚገልጽለት የሙቀት ልክ አለው፤ ይህም በሥራ ላይ ሳለ ማቀዝቀዣው ሊያስወግድለት የሚገባውን የሙቀት መጠን ያመለክታል። በቢሮ ላፕቶፖች የተለመደው ኮር አይ5-3320ኤም ሁለት ኮር ኖሮት ልኩ 35 ዋት ነው፤ ኮር አይ7-3632ኪውኤም አራት ኮርና ስምንት ትሬድ እያለው በዚያው በ35 ዋት ይሠራል። በክሌቮው ፒ150ኢኤም ይገጠም የነበረው አይ7-3610ኪውኤም እና ከእርሱ የሚፈጥነው አይ7-3840ኪውኤም ሁለቱም 45 ዋት ሲሆኑ፣ የዘመኑ አውራ የነበረው አይ7-3940ኤክስኤም ግን 55 ዋት ይደርሳል። በቀጭን የቢሮ ላፕቶፕ ላይ ከእነዚህ ሁሉ ሊመረጥ የሚገባው 3632ኪውኤም ነው፤ ኮሩ እጥፍ ሆኖ ሳለ ማቀዝቀዣው ላይ በወረቀት ደረጃ የሚጨምረው ሸክም የለምና። 

የሙቀቱ አስቸጋሪነት ከመጠኑ ይልቅ ከቦታው ጥበት የሚመጣ ነው። የአይቪ ብሪጅ ባለአራት ኮር ፕሮሰሰር ሲሊከን ስፋቱ 160 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ 45 ዋት በዚህ ላይ ሲያርፍ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 28 ዋት ይሆናል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያወጣው ከ1.3 ዋት አይበልጥም፤ ስለዚህ የፕሮሰሰሩ ገጽ በስፋቱ ልክ ሲታሰብ እንጀራ ከሚጋገርበት ምጣድ ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያፈልቃል ማለት ነው። ምጣዱ እንዲግል ይፈለጋል፤ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ግን 100 ወይም 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ተጠቃሚው ውድ ፕሮሰሰር ገዝቶ ማሽኑ ከአሥር ደቂቃ ሥራ በኋላ ወደ ቀድሞ ዝግመቱ ሲመለስ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀቱ ከሲሊከኑ ወጥቶ አየር ላይ እስኪበተን የሚያልፍበት መንገድ አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ተርማል ፔስት የሚባለው ቅባት በሲሊከኑና በመዳብ ገበታው መካከል ያለውን ለዓይን የማይታይ ክፍተት ይሞላል፤ አየር ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ክፍተቱ ባዶ ቢቀር መንገዱ ገና ከመነሻው ይዘጋል። ቀጥሎ የመዳብ ገበታው ሙቀቱን ለሙቀት አስተላላፊ ቱቦው ያቀብላል። ይህ ቱቦ፣ በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ባልደረባ የነበረው ጆርጅ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1963 በተግባር ካሳየው ንድፍ የወረደ ሲሆን፣ አየሩ ወጥቶለት የታሸገ የመዳብ ቱቦ ሆኖ ውስጡ ጥቂት ውኃ ይዟል፤ ውኃው በሞቀው ጫፍ ተንኖ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሄዳል፤ በዚያ ሙቀቱን ለቅቆ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ በቱቦው ግድግዳ ላይ ባለው እንደ ክር ያለ ንጣፍ ውስጥም ተስቦ ወደ መነሻው ይመጣል። በመጨረሻ ከቱቦው ጫፍ የተጣበቁት ስስ የብረት ክንፎች ሙቀቱን ይቀበሉና ፋኑ በመካከላቸው የሚነፍሰው አየር ተሸክሞት ይወጣል።

የሶዶ ከፍታ የሚነካው ይህን የመጨረሻውን ደረጃ ነው። ቱቦው የታሸገ በመሆኑ የውጭው የአየር ግፊት መቀነስ በውስጡ ያለውን ውኃ አያገኘውም፤ ፋኑ ግን የሚነፍሰው የከተማውን አየር ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት ባይለወጥም፣ ሙቀት የሚሸከመው የአየሩ ክብደት ይቀንሳል። ለምሳሌ በሰከንድ 3 ሊትር አየር የሚገፋ ፋን 45 ዋት እንዲያስወግድ ቢደረግ፣ በባሕር ጠለል ላይ አየሩ ገብቶ ሲወጣ በ12 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ በሶዶ ግን ወደ 15 ዲግሪ ይጠጋል፤ ልዩነቱም እስከ ፕሮሰሰሩ ድረስ ይዘልቃል። በሌላ በኩል ደጋና ወይና ደጋ ለማሽኑ የሚያበረክተው ነገር አለ፤ ፋኑ የሚስበው አየር በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የፕሮሰሰሩም ሙቀት በዚያው መጠን ይወርዳል። ስለዚህ አየሩ ቀጠን ቢልም ቀዝቀዝ በሚልበት ሶዶ ያለ ላፕቶፕ፣ በሁምቦ ወይም በአባያ ዳርቻ ቆላ በ30 ዲግሪ አየር ከሚሠራው የግድ የባሰ ችግር ውስጥ አይደለም። ብዙ አምራቾች ለላፕቶፖቻቸው የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ወይም 10,000 ጫማ ስለሆነ፣ ሶዶ ከተፈቀደው ክልል አልወጣችም፤ የጠበበው ግን አምራቹ ለመጠባበቂያ የተወው ትርፍ አቅም ነው፤ ከፍ ያለ ዋት ያለው ፕሮሰሰር ሲገጠም የሚነካውም ያው ትርፍ ነው።

በወላይታ ከከፍታው በላይ ማቀዝቀዣን የሚያዳክመው አቧራ ነው። የአካባቢው ቀይ አፈር በበጋ ደቅቆ ሲነሣ በፋኑ ተስቦ ይገባና በፋኑና በክንፎቹ መካከል እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ የወፈረ ንጣፍ ይሠራል። ይህን ንጣፍ ከውጭ በኩል በብሎወር መንፋት ብቻ ወደ ኋላ ገፍቶ ፋኑ ላይ ሊያከማቸው ይችላል፤ ትክክለኛው አሠራር ፋኑን ከክንፎቹ ለይቶ አቧራውን በእጅ ማንሣት፣ ከዚያም በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። በብሎወር ሲነፋ የፋኑ ምላጮች በጣት ተይዘው እንዳይሽከረከሩ ይደረጋል፤ ከልክ በላይ ሲሽከረከሩ የፋኑ መሽከርከሪያ ሊጎዳ ይችላል። 

ፕሮሰሰሩን የመለወጡ ሥራ ራሱ ከተጠበቀው በላይ አጭር ነው። ባትሪውና ቻርጀሩ ከተነቀሉ፣ ሠሪውም ሰውነቱ ላይ ያለውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ብረት ነክቶ ካስወገደ በኋላ፣ የማቀዝቀዣው ብሎኖች አጠገባቸው በተጻፈው ቁጥር ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት ይላላሉ። ከሶኬቱ ዳር ያለው ብሎን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ በግማሽ ዙር ሲዞር ፒኖቹ ይለቀቃሉ፤ ፕሮሰሰሩም ያለ አንዳች ግፊት ቀጥ ብሎ ይነሣል። አዲሱ ሲቀመጥ ጥግ ላይ ያለው የወርቅ ቀለም ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ይገጥማል፤ በራሱ ክብደት ካልገባ የተጣመመ ፒን አለና መግፋት ክልክል ነው። አሮጌው ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ተጠርጎ አዲሱ በስሱ ይቀባል። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር እንደ ዴስክቶፑ የብረት ክዳን የለውምና፣ የማቀዝቀዣው ብሎኖች በአንድ ወገን ብቻ ተጠብቀው ከተጫኑ የሲሊከኑ ጥግ ሊሰበር ይችላል፤ በተቃራኒ ማዕዘን እያፈራረቁ ማጥበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በአንዳንድ ገበያዎች ፈሳሽ ብረት የሚባለው የጋሊየም ቅይጥ ከፔስት የተሻለ ሙቀት ቢያስተላልፍም አሉሚኒየምን ይበላል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋልና ለተራ ጥገና አይመከርም።

እነዚህ ፕሮሰሰሮች ምርታቸው ስለቆመ የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው ነው። ገዢው በፕሮሰሰሩ ገጽ ላይ የተቀረጸውን መለያ ማንበብ አለበት፤ በእነዚህ ትውልዶች ለገበያ የወጡት መለያቸው በ«ኤስአር» ሲጀምር፣ በ«ኪው» የሚጀምሩት ለሙከራ የተሠሩ ናሙናዎች ስለሆኑ ባዮሱ ላይቀበላቸው ይችላል። ከ35 ወደ 45 ዋት የሚያድግ ሰውም 65 ዋት ቻርጀር ይዞ ከሆነ በ90 ዋት መተካት ይኖርበታል፤ ያለዚያ ማሽኑ በሙቀት ሳይሆን በኃይል እጥረት ይዘገያል።

ከሥራው በኋላ ፕሮሰሰሩ ሙሉ ጭነት ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተይዞ ሙቀቱ በሶፍትዌር ይታያል። ከ90 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ከቆየ መጀመሪያ የፔስቱ አቀባብ ይፈተሻል፤ ችግሩ ከማቀዝቀዣው አቅም ከሆነ ደግሞ በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ደረጃ ወደ 99 በመቶ ዝቅ ማድረግ ቱርቦ የሚባለውን ጊዜያዊ ፍጥነት ያጠፋል፤ አራቱ ኮሮች ግን በመደበኛ ፍጥነታቸው ሳይቆራረጡ ይሠራሉ። ለረጅም የቪዲዮ ሥራ ይህ፣ ፈጥኖ ከመድከም፣ እጅግ የተሻለ ነው።

ተራ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ኤስኤስዲ ቢቀይር ከፕሮሰሰር ለውጥ የበለጠ ልዩነት ያያል፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ፕሮሰሰር መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ስለሚጠይቅ፣ እነዚህ ማሽኖች ለደኅንነታቸው ሲባል ወደ ሊኑክስ ቢሸጋገሩ ይመረጣል። ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ፕሮግራም ለሚጽፍ ግን ባለአራት ኮሩ ዋጋውን ይመልሳል፤ ማቀዝቀዣው አስቀድሞ ከታደሰ ብቻ። ስለዚህ በሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ያሉ የጥገና ባለሙያዎች ማሽኑን ከመክፈታቸው በፊት ሙሉ ጭነት ላይ የነበረውንና ከሥራው በኋላ የተገኘውን ሙቀት ለክተው በደረሰኙ ላይ እንዲጽፉ፣ ደንበኞቻቸውም ይህን ቁጥር ሳያዩ እንዳይከፍሉ ሊለመድ ይገባል።