የእሷ አከርካሪ ጠማማ፣ የሚያመው ግን እኔን!

ባለፈው ወር አንዲት የሠፈሬ ልጅ የሚዜ ቀሚስ ልታሰፋ ሄደች። ሰፊው አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ለካና "እህቴ፣ አንዱ ትከሻሽ ከፍ ይላል" አላት። በቃ! ሚዜነቱም ቀረ፣ ልጅቷም ከቤት አልወጣም አለች። ጎረቤት "ቦርሳ በአንድ ትከሻ እያንጠለጠለች ነው" አለ፤ እናቷ ወጌሻ ካልመጣ አሉ። በስንት ልመና ሆስፒታል ወሰድኳት። ራጅ ስትነሳ አከርካሪዋ ኤስ የሚባለውን የፈረንጅ ፊደል መስሏል። ስኮሊዮሲስ ነው፤ 22 ዲግሪ።

"ታዲያ ለምን አያማትም?" ብዬ ጠየቅኩ። እውነቴን ነው! እሷ ገመድ ትዘላለች። እኔ ቀጥ ባለው ጀርባዬ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ውዬ ማታ "ኧረ ወገቤን!" እላለሁ። ሐኪሙ ሳቁ። የዲግሪውና የሕመሙ መጠን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም አሉን። በጣም ተጣሞ የማያመው አለ፣ በትንሹ የሚሰቃይም አለ። ሕመሙ ሚዛን ሲጠብቁ ከሚደክሙ ጡንቻዎች፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከመገጣጠሚያ መበላትና ከነርቭ መጨቆን ሊመጣ ይችላል። የቦርሳው ነገር ሐሰት ነው፤ የአብዛኛው ስኮሊዮሲስ መነሻ አይታወቅም። ዩሴይን ቦልት እንኳ ስኮሊዮሲስ እያለበት ነው እ.ኤ.አ. በ2009 መቶ ሜትርን በ9.58 ሴኮንድ የሮጠው! (ይህን ስነግራት ነው መጀመሪያ ፈገግ ያለችው።)

እሷ 19 ዓመቷ ነው፤ እድገቷን ጨርሳለች፣ ከ30 ዲግሪ በታች ስለሆነም ብዙ አይጨምርም ተባለች። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መዛል ከመጣ ግን ቶሎ ነይ አሏት።

አስቸጋሪው አለማመሙ ነው። ስለማያም፣ ልጅ በሚያድግበት ጊዜ ማንም ሳያየው ይጨምራል። በቤተሰብም ይሄዳል። ታናሿ ደግሞ 12 ዓመቷ ነው። የዚያኑ ማታ ሳሎን ውስጥ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ መዳፏን አጋጥማ ወደፊት አጎነበሰች፤ እኔ ከኋላ ቆምኩ። የቀኝ ጎኗ ከፍ ብሏል። እናትየው ዝም አሉ፤ ቀጥለው "ማን ያገባታል?" አሉ። እማማ፣ ገና 12 ዓመቷ ነው!

በማደግ ላይ ላለ ልጅ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ሲሆን ብዙ ጊዜ ደረትና ወገብን የሚይዝ ድጋፍ ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የአሜሪካኖች ጥናት ድጋፉን ከታዘዙት 72 በመቶ፣ ካልታዘዙት 48 በመቶ 50 ዲግሪ ሳይደርሱ አድገዋል። ብዙ ሰዓት የለበሰ የበለጠ ተጠቅሟል።

ትንሿ ማክሰኞ ራጅ ትነሳለች። ትልቋ "እኔ ነኝ የምወስዳት" ብላለች።