ክረምትና ብስክሌት፦ ስለ ዝናብ፣ ስለ ፍሬንና ስለ መንገድ ደስታ



ለዚህ የሕዝብ ንግግር ርእስ እንድመርጥ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ከሙያዬ ከፊዚክስ ከበድ ያለ ነገር እንደምትጠብቁ ዐውቅ ነበር። እኔ ግን ብዙዎቻችሁ በየዕለቱ የምታዩትንና በጨዋነት ዝም የምትሉበትን ጉዳይ መረጥሁ። የሐምሌ ዝናብ እየወረደ፣ የ56 ዓመት ሰው፣ የሱሪውን ጫፍ በካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ ቦርሳውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በብስክሌት ወደ ሥራው ይመጣል። መኪና ያላቸው ባልደረቦቼ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው «ኧረ ዶክተር፣ ይግቡ!» ይሉኛል። አመስግኜ ሳሳልፋቸው የሚያዝኑልኝ እንዳሉ ከፊታቸው አነባለሁ። ዛሬ የማስረዳችሁ ለምን ሊታዘንልኝ እንደማይገባ ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትገኝም ራሷ ግን ሜዳ ናት፤ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጡ በቀር ትንፋሽ የሚያሳጥር አቀበት አይገኝባትም። ብስክሌት ከዚህች ከተማ ጋር የተወዳጀው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። እንግዲህ «በዝናብ ብስክሌት አልነካም» ያለ ሰው የዓመቱን ሢሶ በእግሩ ወይም በባጃጅ ሊሄድ ወስኗል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ዝናብ አወራረድ የራሱ ሥርዓት አለው። በዙሪያችን ባሉት ተራሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይጥላል፤ በጣና ላይና በደቡባዊ ዳርቻው፣ ማለትም በእኛ ዘንድ፣ የሚበረታው ግን ሌሊት ነው። ሲመሽ ምድሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሐይቁ ቀን የጠጣውን ሙቀት ይዞ ያድራል። ከከፍታዎቹ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ወደ ሐይቁ ሲነፍስ፣ በሐይቁ ላይ ያለውን ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እርሱም ደመና ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቴ ስወጣ የሚጠብቀኝ ብዙ ጊዜ ዶፍ ሳይሆን ዶፍ ያደረበት መንገድ ነው። ካፊያ ይኖራል፤ ዘንባባዎቹ ይንጠባጠባሉ። ከዶፉ ጋር የምንገናኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ስንገናኝም እንከባበራለን።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበርሁም። ከሰባት ዓመት በፊት በአንድ የግንቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ወድቄያለሁ። ረጅሙ በጋ አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ካፊያ ብሎ ነበር፤ መንገዱ ገና በቅጡ አልራሰም። ከፊቴ የነበረ ባጃጅ ሰው ሊያሳፍር ቆመ። ፍሬን ያዝሁ፤ ብስክሌቱ አልቆም አለ። መሪውን ስጠመዝዝ የፊት ጎማዬ በእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም ላይ ተንሸራተተ፤ የቀኝ እጄም አንጓ ተሰበረ። ከአጥንቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ቦርሳዬ ተከፍቶ የ43 ተማሪዎች የፈተና ወረቀት በአስፋልቱ ላይ መበተኑ ነበር። በመንገዱ ዳር ቡና ታፈላ የነበረች ሴት ጀበናዋን ትታ፣ ሁለት ሊስትሮዎች ሳጥናቸውን ጥለው ለቀሙልኝ። አንደኛው ልጅ ወረቀቶቹን በሸሚዙ እየጠረገ ሲቆጥር እስከ ዛሬ ይታየኛል። 43ቱም ተገኙ። (በሁለቱ ላይ ቀለሙ ፈስሶ ስለነበር ተማሪዎቹን ጠርቼ በቃል ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም ከጻፉት የተሻለ መለሱ።)

ልጄ ብስክሌቱን ዕቃ ቤት አስገብታ ቆለፈችበት። «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ?» አለችኝ። ሁለት ክረምት በባጃጅ ተመላለስሁ። በእነዚያ ሁለት ክረምቶች ያሳፈረኝ መውደቄ አልነበረም። ስለ ሰበቃ ለሃያ ዓመታት ሳስተምር ኖሬ፣ ሰበቃ ሲከዳኝ ለምን እንደከዳኝ በጥሞና አስልቼ አለማወቄ ነው ያሳፈረኝ።

እንግዲህ አብረን እናስላው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በእያንዳንዱ ሴኮንድ 5 ሜትር ይጓዛል። ፍሬኑ ይህን ፍጥነት በየሴኮንዱ በሴኮንድ 3 ሜትር ያህል ቢቀንስለት፣ ለመቆም ከ4 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ይበቃዋል። የእኔ ብስክሌት ግን አሮጌ ነበር፤ ቸርኬው በክሮም የተለበጠ ብረት ነው። እንዲህ ያለው ለስላሳ ብረት በስስ ውኃ ሲሸፈን የፍሬኑ ጎማ የሚይዘውን ያጣል። ቅነሳው ከ3 ወደ 1 ቢወርድ የመቆሚያው ርቀት 12 ሜትር ተኩል ይሆናል። ባጃጁ ከእኔ የራቀው በግምት 6 ሜትር ነበር። ጎበዝ ብሆንም ባልሆንም፣ ልቆም የምችልበት ቦታ አልነበረኝም።

ሁለተኛው ምክንያት በመንገዱ ላይ ነበር። በጋውን ሙሉ ከተሽከርካሪዎች የሚንጠባጠበው ዘይት፣ ከጎማ የሚረግፈው ብናኝና አቧራው በአስፋልቱ ላይ ይከማቻል። ጥቂት ዝናብ ሲነካው ቅባት ያለው ስስ ጭቃ ይወጣዋል፤ ብዙ ዝናብ ግን አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ ከነሐሴ ዶፍ ይልቅ የግንቦት ካፊያ ያንሸራትታል። ሰው ሁሉ የሚፈራው የነሐሴውን ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርሁ። በነጭ ቀለም፣ በፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳንና በረገፈ ቅጠል ላይ ደግሞ በየትኛውም ወር ቢሆን ሳይጠመዝዙና ፍሬን ሳይይዙ ቀጥ ብሎ ማለፍ ይሻላል። ተማሪዎቼ «ጎማው እንደ መኪና ጎማ በውኃ ላይ አይንሳፈፍም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። የብስክሌት ጎማ ቀጭንና ጠብቆ የተነፋ በመሆኑ፣ እንዲህ ለመንሳፈፍ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ ይኖርበታል። እኔ በዚያ ፍጥነት ከሄድሁ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ይሆናል።

በሦስተኛው ክረምት ቸርኬዎቹን በአሉሚኒየም አስለወጥሁ፤ አሉሚኒየም ሲርስ ከክሮም የተሻለ ይይዛልና። የፍሬኑን ጎማ አሳደስሁ፤ ከፊትም ከኋላም ፓራፋንጎ አስገጠምሁ፤ ቁልፉንም ከልጄ ለመንሁ። ከዚያ ወዲህ መቆም ከሚያስፈልገኝ ቦታ ብዙ አስቀድሜ ፍሬኑን ነካ ነካ አደርገዋለሁ፤ ቸርኬው በዚህ ውኃውን ይጠርጋል። ፍጥነቴንም እቀንሳለሁ። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የመቆሚያው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በፊዚክስ ውስጥ እንዲህ በርካሽ የሚገኝ ትርፍ ብዙ አይደለም።

ፓራፋንጎን የናቀ ሰው ካለ ይህን ልንገረው። ብስክሌት ሲሄድ የጎማው የላይኛው ጫፍ ከመንገዱ አንጻር ከብስክሌቱ በእጥፍ ፍጥነት ይሮጣል፤ መሬቱን የነካው ነጥብ ደግሞ ለቅጽበት ቆሞ ነው። ጎማው ከታች ያነሣውን ውኃና ጭቃ ወደ ነጂው ጀርባ የሚወረውረው በዚህ መሽከርከር ነው። ጀርባችንን የሚያበሰብሰን ሰማይ ሳይሆን የገዛ የኋላ ጎማችን ነው።

ከሰማይ የሚመጣው እንዲያውም ርኅሩኅ ነው። ከ2,000 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ነገር አየር ባይገታው ኖሮ መሬት ሲደርስ በሴኮንድ 200 ሜትር ገደማ ይምዘገዘግ ነበር። እንዲህ ያለ ጠብታ ዝናብ ሳይሆን ጥይት ነው። አየሩ ስለሚይዘው ግን 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠብታ በሴኮንድ ወደ 4 ሜትር፣ 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ትልቁ ደግሞ ወደ 9 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ያርፋል። እኔ በሴኮንድ 5 ሜትር ስነዳ፣ በዚያው ፍጥነት ቀጥ ብሎ የሚወርደው ዝናብ ለእኔ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ከፊት ለፊት ይመጣል። ደረቴ ይርሳል፤ ጀርባዬ ይተርፋል። ከፊት የሚዘጋ የዝናብ ልብስ ለብሼ፣ ከኋላው አየር እንዲገባ ገለጥ ማድረጌ ከዚህ የተነሣ ነው።

አየር መግባቱም ቅንጦት አይደለም። ፔዳል ስንመታ ሰውነታችን ካቃጠለው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው አንድ አራተኛ ቢሆን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በሚያዝያ ፀሐይ ይህ ሙቀት መሄጃ ያጣና ሰውየው ላብ ተጠምቆ ክፍል ይገባል። በክረምት ግን 1 ግራም ውኃ ከቆዳ ሲተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ቀዝቃዛው ነፋስም ያግዘዋል። በዓመቱ ውስጥ ሳይደክመኝ የምነዳባቸው ወራት እነዚህ ናቸው። ሲቆሙ ግን ያው ውኃ መቀዝቀዙን ስለማያቆም፣ እንደ ደረሱ ደረቅ ልብስ መቀየር ያስፈልጋል። እናቴ «ብርድ ይመታሃል» ትለኝ የነበረው ከሞላ ጎደል ስለዚህ ሰዓት መሆኑን ዘግይቼ ተረዳሁ።

ስለ ሽታው ሳልናገር ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ደረቅ አፈር ዝናብ ሲነካው የሚያወጣውን መዓዛ ሁለት የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች፣ ኢዛቤል ቤርና ሪቻርድ ቶማስ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ፔትሪኮር ብለው ሰየሙት፤ ድንጋይንና በግሪክ ተረት በአማልክት ሥር የሚፈስሰውን ደም ከሚጠሩ ቃላት ያጣመሩት ስም ነው። ከመዓዛው አንዱ ክፍል በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን የተባለ ውሕድ ነው፤ የሰው አፍንጫ ኢምንቱን መጠን ሳይቀር ይለየዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ጠብታ አፈር ላይ ሲያርፍ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው፣ ከሥሩ የታፈኑ የአየር አረፋዎች ወደ ላይ ወጥተው ሲፈነዱ ረቂቅ ቅንጣቶችን እንደሚረጩ አሳይተዋል። ከብርቱ ዝናብ ይልቅ ቀላሉና መካከለኛው አብዝቶ ይረጫል። እንግዲህ ያ የጣለኝ የግንቦት ካፊያ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ የሚሸተው እርሱ ነው። አሁን በዚያ ቀን ከብስክሌቴ ወርጄ እየገፋሁ እሄዳለሁ፤ ሽታውን ግን አላሳልፈውም።

የቀረውን ደስታ በቁጥር ለማስረዳት አልሞክርም። በዝናብ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ይሰማል። በቦዩ ውስጥ ያሉት እንቁራሪቶች፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚሰፋውና የሚጠበው ድምፅ፣ በነሐሴ ለፍልሰታ ቅዳሴ ነጠላቸውን ተከናንበው የሚሄዱት እናቶች «እግዜር ያግባህ» ሲሉኝ፤ ከመስታወት ጀርባ ሆኜ ይህን ሁሉ ሁለት ክረምት አላገኘሁትም ነበር። ጣናም በእነዚህ ጠዋቶች ሰማያዊ አይደለም፤ ገባሮቹ ባመጡት ደለል ቡና መስሎ፣ ከሰማዩ የሚለየው መስመር ጠፍቶ ይታያል።

ሁለት ነገር ግን በሐቅ ልጨምር። አንደኛው መብረቅ ነው። የጎማው ላስቲክ ከመብረቅ ያድናል የሚባለው ከንቱ ነው። ብልጭታውን ካየሁ በኋላ እቆጥራለሁ፤ ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳልደርስ ነጐድጓዱ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ሕንፃ ፈልጌ እገባለሁ። ከዘንባባ ሥር አልጠለልም፤ እናንተም አትጠለሉ።

ሁለተኛው የሚከብደኝ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ደስታ ብዬ የምጠራው ቢሮዬ ውስጥ ደረቅ ሸሚዝና ጫማ ስላስቀመጥሁ ነው። በየጠዋቱ አካፋውን በብስክሌቱ ላይ አስሮ ከፊቴ የሚሄድ የቀን ሠራተኛ አለ፤ እርሱ ርሶ ደርሶ ርሶ ይውላል። አንድ ቀን ጎን ለጎን ስንነዳ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብለው «ዝናቡስ ደኅና ነው ጋሼ፣ ማድረቂያው ነው የቸገረን» አለኝ። እኔ ለአንድ ሰዓት የተናገርሁትን እርሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶታል። በየሥራው ቦታ ልብስ የሚሰቀልበት አንድ ጥግና ብስክሌት የሚቆምበት አንድ ቆርቆሮ ጥላ ማቆም ከምንሠራቸው መንገዶች ሁሉ ይረክሳል፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ለመወሰን ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ ዐውቃለሁ።

ውጭው እንደምትሰሙት ካፊያ ጀምሯል። ጥያቄዎችን እቀበላለሁ፤ ከኋላ የተቀመጥሽው ተማሪ ቀድመሽ እጅሽን አውጥተሻልና ከአንቺ እንጀምር።