ድልድዩ ላይ መቆም ይፈቀድ

ድልድይ ሲመረቅ ርዝመቱና ወጪው ይነገራል፤ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ ወንዙን ማየት ይችል እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በባሕር ዳር ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው የዓባይ ድልድይ ለረጅም ጊዜ ጥበቃ የማይለየው፣ ካሜራ ያወጣ እንግዳ ቁጣ የሚደርስበት ቦታ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ግን 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ከመኪናው ስድስት መስመር ሌላ ለእግረኛና ለብስክሌት የራሳቸው መንገድ አለው። ብስክሌት ለለመደችው ከተማ ይህ ቅንጦት አይደለም። ወረድ ብሎ በጢስ ዓባይ ያለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይማ ዛሬም በእግር የሚታለፍ በመሆኑ፣ ፏፏቴውን ሊያይ የሄደ ብዙ ሰው ድልድዩንም ጎብኝቶ ይመለሳል።

ድልድይን ለእግረኛም አስቦ መሥራት ለዋግ ኽምራም ይጠቅማል። ተከዜ በሰቆጣና በሰሜን ተራሮች መካከል ጥልቅ ሸለቆ ቆፍሮ ያልፋል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ደግሞ ከሸለቆው ከፊሉን ሐይቅ አድርጎታል፤ የዋግ ወጣቶችም ዓሣ እያሰገሩበት ነው። ለሰቆጣ ቅርብ የሆነውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን፣ ከአለት የተፈለፈለውንና የዋግ ሹሞች አጽም ያረፈበትን ቤተ ክርስቲያን፣ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንዙን ሳያይ ይመለሳል። በአካባቢው የሚሠራ ድልድይ ሁሉ ከመነሻው የእግረኛ መንገድና የመኪና ማቆሚያ ቢታሰብለት እንግዳው አንድ ቀን የሚጨምርበት፣ የዋግ ማርም ገዢ የሚያገኝበት ምክንያት ይኖራል።

ድርቅ ለሚደጋገምበት አካባቢ ጎብኚን ማሰብ ቅብጠት ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እህልና ውሃ ይቀድማሉ። ነገር ግን ድልድዩን የሚያሠራው ያው እህሉ ነው፤ በክረምት ወንዝ ሲሞላ የሚቋረጠው የገበያና የሕክምና መንገድ ነው። የጸጥታው ስጋት ይከብዳል፤ የተከዜ ድልድይ በጎንደርና ሽሬ መንገድ ላይ በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት መፍረሱን አይተናል። ያን ድልድይ ያፈረሰው ጦርነት እንጂ ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ ጥበቃውም ሰው እንዳይቆም ሳይከለክል ሊሠራ ይችላል። ወጪውን በተመለከተ፣ የእግረኛው መንገድ ዲዛይኑ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ቢካተት የሚጨምረው ጥቂት ነው። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ድልድይ ለማስፋት መነሳት ግን ሌላ ጨረታ፣ ሌላ በጀት ይጠይቃል።