ሴባስቶፖል ሳሎናችን ገባ

ደብረ ታቦር ክረምቱ ከገባ ልጅ ቤት ይውላል። ጉና ጭጋጉን ከለበሰ ዝናቡ ሳያባራ ይመሻል፤ መብራትም መጥፋት የሚወደው ያን ጊዜ ነው። ባለፈው ነሐሴ ሦስት የልጅ ልጆቼ ከባሕር ዳር መጥተው፣ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅባቸው "አባባ፣ አሁን ምን እንጫወት?" አሉኝ። ዕድሜያቸው ዘጠኝ፣ ሰባትና አምስት ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ የሰማሁት ጨዋታ ትዝ አለኝ።

የሚና ጨዋታ እለዋለሁ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ የየራሳቸውን ሰው ይይዛሉ። ተራኪው "ወንዙ ሞልቷል፣ ምን ታደርጋለህ?" ይላል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል፤ ይሳካለት አይሳካለት ዳይሱ ይፈርዳል። የዚህ ጨዋታ በኩር "ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" ሲሆን፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ አበቁት። ደንቡ መጻሕፍት የሚሞላ፣ ዳይሱም እስከ ሃያ ገጽ ያለው ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ ጣጣ ነው።

ደግሞ የእኛ ልጅ ግማሹን ያውቀዋል። እንቆቅልሽ ሲጫወት መልሱ የጠፋበት ጓደኛው "አገር ስጠኝ" ተብሎ ጎንደርን ሲሰጠው፣ ከምድጃው ዳር ሳይነሣ ጎንደር ገብቶ ያሻውን ይሠራል። ዕቃ ዕቃ ሲጫወትም አባወራ ነው፣ እንግዳ ነው፣ ሐኪም ነው። የጎደለው ዳይሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ምሽት አበላሸሁት። ደንቡን ሁለት ገጽ ጽፌ ማንበብ ስጀምር ትልቁ "አባባ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል እኮ" አለኝ። ወረቀቱን እሳት በላው።

በማግስቱ የሉዶ ዳይስና የባቄላ ቆሎ ይዤ መጣሁ። 4 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ይሳካል፤ ካነሰ አዲስ ችግር ይመጣል። እያንዳንዱ አምስት ፍሬ ቆሎ ጉልበት አለው፤ ሲሸነፍ አንድ ይከፍላል። ደንቡ ይኸው ነው።

ለታሪኩ ሩቅ አልሄድኩም። ጋፋት አፍንጫችን ሥር ናት። አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ የጅጣንና የበሽሎን ገደል አልፎ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ለልጆቹ ያልኳቸው "መድፉን አድርሱ" ብቻ ነው።

ትልቁ ወዲያው "ቴዎድሮስ እኔ ነኝ!" አለ። ከለከልኩት። አንዱ ንጉሥ ከሆነ ሌሎቹ ታዛዥ ሆነው ይቀራሉ፤ ጨዋታውም የእሱ ብቻ ይሆናል። አኩርፎ ገመድ ጎታች ሆነ። መካከለኛዋ መንገድ ጠራጊ፣ ትንሿ በቅሎ።

ጅጣ ገደል ላይ በቅሎዋ 1 ወጣላት። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ፤ "ሞትኩ?" አለች። በአዋቂዎቹ ጨዋታ መሞት አለ። እኔ ግን ሞትን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሻርኩት። "ጭቃው ውስጥ ተንሸራተሽ ወደቅሽ፤ አንድ ፍሬ አምጪ" ስላት ግን ፍሬው የለም። ጉልበቷን በሙሉ ቆርጥማ ጨርሳዋለች!

ትልቁ "ማታለል ነው!" ብሎ ተነሣ። ሦስቱ ተሟገቱ፤ እኔ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ለመምህር ቀላል አይደለም። በመጨረሻ መካከለኛዋ "ስንቅ የበላች በቅሎ ትበረታለች፤ አንድ ጊዜ ትድገም" ብላ ፈረደች። ደገመች፤ 5 ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቆሎ መብላት ደንብ ሆነ፤ ባቄላ ስቆላ ከረምኩ።

ከግማሽ ሰዓት በላይ አላስኬዳቸውም፤ ትንሿ ትሰለቻለች። መቅደላ የገቡት በአራተኛው ምሽት ነው። እውነተኛው ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ እንደተጋደመ ነገርኳቸው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። "ታዲያ ማን ይመልሰው?" አለችኝ በቅሎዋ። የመልሱን ጉዞ ለገና ቀጠርነው።

ዳይስ የሌለው ወላጅ ከ1 እስከ 6 ቁጥር በስድስት ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ባርኔጣ ውስጥ ይጨምርና ልጆቹን ዕጣ ያስወጣ። ቆሎው ግን ይብዛ።