የገና ዱላና የአበልጅ ቂም

የጌታችንን የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ልደት ለማክበር ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ያሳለፈ ምእመን ወደ ቤቱ ተመልሶ ጾሙን ይፈታል፤ ጥቂትም ያርፋል። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ደግሞ ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል። ስለ ማኅሌቱና ስለ ቅዳሴው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ድግሱም ከበቂ በላይ ተነግሯል። ጨዋታው ግን የእረኞች ቧልት ነው ተብሎ በሁለት መስመር ይታለፋል። እኔ ከአባቴ ቤት ከወረስኋቸው ትምህርቶች ታላቁን ያገኘሁት ከዚያ ሜዳ ላይ በመሆኑ፣ በዛሬው በዓል ስለ እርሱ ላጫውታችሁ ወደድሁ።

በቅድሚያ ስለ ዕለቱ ጥቂት ልበል፤ በየዓመቱ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋምና። የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ በ2016 ዓ.ም. እንደ ነበረው ሁሉ፣ በ28 ይከበራል። እመቤታችን በመልአኩ ብሥራት የፀነሰችው መጋቢት 29 ቀን ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው ጊዜ ሲቆጠር 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል፤ አምስቱ ቀን የጳጉሜን ነው። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ጊዜ አንዲት ቀን ትርፍ ስለምትመጣ ቍጥሩ እንዳይዛነፍ በዓሉ በአንድ ቀን ይቀድማል። አያቶቻችን ይህን ሁሉ የሚያሰሉት በእጃቸው ጣት ነበር።

የገና ጨዋታ መሣሪያው ሁለት ነው። አንደኛው ጫፉ ቆልማማ የሆነ ዱላ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከእንጨት የተጠረበ ሩር ወይም ከጠፍር የተጎነጎነ ጥንግ ነው። ተጫዋቾች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ አንዳንድ ጊዜም ያገባና ያላገባ ተብለው ይለያያሉ። የሰው ቍጥር ልክ የለውም፤ ሜዳውም እንደ አገሩ ነው። ሩሯ ከመካከል ትጣላለች፤ እያንዳንዱ ወገን በዱላው እየመታ ከባላጋራው ድንበር ለማሳለፍ ይታገላል። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ያዋርዳል፤ የግጥሙም ስድብ ባለጸጋና ድኃ አይለይም። ማምሻውን ደግሞ በየቤቱ እየዞረ ይጨፍራል፤ ይበላል፤ ይጠጣል።

በዚህ ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ብሂል አለ። ብዙዎች ይህን የቀልድ አነጋገር አድርገው ይወስዱታል። ነገር ግን ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢያገኘው፣ በግጥምም ቢሞልጨው የማይጠየቅበት አንድ ቀን በዓመቱ ውስጥ መኖሩ፣ ያም ቀን የልደት በዓል መሆኑ እንዲሁ የመጣ አይመስለኝም። ትውፊቱ እንደሚለው የመድኃኒታችንን መወለድ ከመልአኩ የሰሙት የቤተ ልሔም እረኞች ከደስታቸው ብዛት በእረኝነት ዱላቸው ተጫውተዋል፤ የገና ጨዋታም መነሻ ይኸው ነው። በዚያች ሌሊት መላእክት ከእረኞች ጋር በአንድነት አመሰገኑ። በላሊበላ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ያየ ሰው ምሥጢሩን በዓይኑ ተመልክቶታል። ከቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዓለት ላይ የቆሙት በመላእክት፣ ከታች በቅጽሩ ውስጥ ያሉት በእረኞች ምሳሌ ሆነው ይቀባበላሉ። የሰማይ ሠራዊት ከበግ ጠባቂ ጋር የዘመረበትን ዕለት የሚያከብር ሕዝብ፣ በዚያው ዕለት ጌታና ሎሌን በአንድ ሜዳ ቢያጋጥም ምን ይደንቃል?

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ያደግሁት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ነው። አባቴ ከአንድ ጎረቤታችን ጋር በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ ነበር፤ የተጣሉበት መሬት ስፋቱ ከሦስት ክንድ አይበልጥም። ሰውየው ሌላ ሰው አይደለም፤ በአርባ ቀኔ ከቅዱስ መጠመቂያው የተቀበለኝ የክርስትና አባቴ ነው። አበልጅ ማለት በእኛ አገር ከሥጋ ዘመድ የማይተናነስ፣ ጋብቻ እንኳ የማይፈጸምበት ዝምድና ነው። ሁለቱ አበልጃሞች ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ኖሩ። በመንገድ ሲተላለፉ አንዱ ወደ ገደሉ፣ ሌላው ወደ ማሳው ይመለከታል። እኔም ወደ ክርስትና አባቴ ቤት እንዳልሄድ ተከለከልሁ። እናቴ ግን እርሾ ሲያልቅባት ከዚያው ቤት በጓሮ በኩል ትቀበል ነበር፤ አባቴም በዚያ እርሾ የተጋገረውን እንጀራ ሳያውቅ ይበላ ነበር። ዐውቆ ዝም ብሎም ሊሆን ይችላል።

አባቴ ጿሚ ሰው ነበር። ኅዳር 15 ቀን የሚገባውን ጾመ ነቢያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ይጾም ነበር። የነፍስ አባታችን ግን ይህን ሁሉ ሲያዩ፣ ከወንድሙ ጋር የተጣላ ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ ዘንድ ጌታ ማዘዙን እያስታወሱ ይገሥጹት ነበር። እርሱም መልስ የለውም። በቅዳሴ ጊዜ ሌላው ወደ ቍርባን ሲቀርብ አባቴ ከቅጽሩ በር አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ይቆም ነበር። የአንድ ልጅ ዓይን ይህን አይስተውም። እህል የከለከለ ሆድ ቂምን ሊከለክል አለመቻሉን በመንፈሳዊ ኮሌጅ ገብቼ ከመማሬ በፊት ከአባቴ ጀርባ ተምሬዋለሁ።

የምነግራችሁ የ1982 ዓ.ም. ገና ነው። በዚያ ዘመን ጎረምሶቹ በብሔራዊ ውትድርና ስለ ተወሰዱ፣ ያልተወሰዱትም ስለሚሸሸጉ ሜዳው ሰው አጣ። ስለዚህ ሽማግሌውም ሕፃኑም ተደባልቆ እንዲጫወት ተወሰነ። ዕድሜዬ ዐሥር ዓመት ያህል ነበር። አባቴ ከቆላ ያመጣልኝን የወይራ ዱላ ይዤ ከላይ ሰፈር ጋር ተሰለፍሁ፤ አባቴም በእኛው ወገን ነው። የክርስትና አባቴ ከታች ሰፈር ናቸው።

ጨዋታው ከጋለ በኋላ ሩሯ ከእግሬ ሥር መጣች። ባለ በሌለ ኃይሌ ሰነዘርሁ። ሩሯን አላገኘኋትም። ዱላዬ ያረፈው በክርስትና አባቴ ቅልጥም ላይ ነው። እርሳቸው ተቀመጡ፤ ደሙ ባናቸውን አልፎ ሣሩ ላይ ወረደ። ሜዳው ጸጥ አለ። ሁሉም የሚመለከተው እኔን አልነበረም፤ አባቴን ነበር። በሁለት ቂመኛ ቤቶች መካከል ደም ሲፈስ ምን እንደሚከተል የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም።

የክርስትና አባቴ ቀና ብለው አዩኝና፣ «አይዞህ ልጄ፣ የገና ነው» አሉኝ።

አባቴ ዱላውን ጥሎ መጣ። ተንበረከከና የበዓል ኩታውን ጫፍ በጥርሱ ተረተረው።

«አበልጄ፣ እግርዎን ወዲህ ይዘርጉልኝ» አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣች ቃል ይህች ነበረች።

«ኩታዎ በደም ይበላሻል» አሉት።

«ይታጠባል።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ቁስሉ ታሰረ፤ ጨዋታው ቀጠለ፤ ያሸነፉትም የታች ሰፈሮች ነበሩ። ማታ አባቴ የገብስ ጠላ በእንስራ አስይዞኝ፣ እርሱም ድፎ ዳቦ ተሸክሞ ወደዚያ ቤት ሄድን። እናቴ በማግስቱ እርሾውን በፊት ለፊት በር ተቀበለች።

ነገሩ በዚህ አበቃ ብዬ አላስውበውም። የድንበሩ ጉዳይ እንዳለ ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያዩት ሲሆን ፍርዱም ለአባቴ አልሆነም። ሦስቱን ክንድ አጣ። ያ መሬት የእኔ ነበር እያለ እስኪሞት ድረስ ያጉረመርም ነበር፤ ይህን የሚለው ግን ከአበልጁ ጋር ከአንድ ዋንጫ እየጠጣ ነበር። ለትንሣኤ ሁለቱም ቈረቡ።

አንዳንድ መንፈሳውያን ወንድሞች ስፖርትን ከከንቱ ነገር ሲቈጥሩት እሰማለሁ። በዚህ አልስማማም። ቅዱስ ጳውሎስ በእሽቅድምድም ሜዳ ስለሚሮጡት፣ በሁሉ ነገር ሰውነታቸውን ስለሚገዙትና ስለሚጠፋው አክሊል የጻፈው ለቆሮንቶስ ሰዎች ነው። በቆሮንቶስ አጠገብ ታላቅ የስፖርት ውድድር ይደረግ ስለነበር አንባቢዎቹ ነገሩን በዓይናቸው ያውቁታል። ሐዋርያው ሩጫን ቢንቅ ኖሮ የክርስትናን ሕይወት በእርሱ ባልመሰለው ነበር።

በእኛም ዘመን ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ዕለቱ ፍልሰታ የሚገባበት ነው። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር አንደኛ ወጥታ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ነጭ ኤላና ሜየር ነበረች፤ አገርዋ በዘር መድሎ ምክንያት ከኦሎምፒክ ተገልላ ከ32 ዓመት በኋላ የተመለሰችበት ዓመት ነው። ሁለቱ ከድሉ በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ስለ ዘር እኩልነት በየጉባኤው የተነገረውን ንግግር ረስቼዋለሁ፤ የእነዚያን ሁለት ሴቶች እጅ ግን አልረሳሁትም።

የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየመንደሩ የተከፈቱትን የስፖርት ውርርድ ቤቶች አልወድም፤ የቤት ኪራዩን በሰው አገር ቡድን እግር ላይ አስይዞ የሚያድርን አባወራ አውቃለሁና። እንዲሁም የሰው አገር ቡድን የገዛ ጓደኛን እስከ ማስጠላት ሲደርስ አዝናለሁ። ይህም ከቤቴ ገብቷል። የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ የአርሴናል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አብሮት የሚማረው ጎረቤታችን ደግሞ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር በአንድ ጨዋታ የተነሣ ተዘላለፉና ተኳረፉ። መዝሙር ሲጠና አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ መቆም ጀመሩ። ልጄ ጾሙን አንዲት ቀን ሳያጓድል ሲጾም ሳየው የአባቴ ጀርባ ትዝ አለኝ።

መምከሩን ሞከርሁት፤ አልሆነም። በገና ዕለት ግን ከዘመድ ያስመጣኋቸውን ስድስት የገና ዱላዎችና አንድ የቴኒስ ኳስ ይዤ ወደ ኮንዶሚኒየማችን የመኪና ማቆሚያ ወረድሁ። የግቢውን ልጆች ሁሉ ጠራሁ። ወገን ስንከፍል ሁለቱን ኩርፈኞች ሆን ብዬ በአንድ በኩል አደረግኋቸው። የመንዝን ሜዳ በሲሚንቶ ላይ ማምጣት ሞኝነት መሆኑ የተገለጠልኝ ወዲያው ነው። ኳሷ ነጠረችና የአንድ መኪና ስፖኪዮ ሰበረች። የመታት ልጄ ይሁን ጓደኛው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ብጠይቃቸው ሁለቱም አንድ ላይ «እኔ ነኝ» አሉ።

የመኪናው ባለቤት ከሦስተኛ ፎቅ ወረዱ። አራት ዓመት በአንድ ሕንፃ ስንኖር ከእግዚአብሔር ይስጥልኝ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም፤ ስማቸውንም አላውቅም ነበር። የተሰባበረውን መስተዋት አዩ። ልጆቹ ከኋላዬ ተሸሸጉ። እንደምከፍል ነገርኋቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ።

እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ከዱላው ላይ አልነቀሉም። «ይህ የወይራ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የወይራ ነው።»

ተቀብለው መዘኑት፤ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያም ካፖርታቸውን አውልቀው በመኪናቸው ላይ አኖሩና ከየትኛው ወገን ሰው እንደ ጎደለ ጠየቁ። እስኪመሽ ተጫወትን፤ ጥበቃው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

የስፖኪዮውን ዋጋ ከጥምቀት በኋላ ይዤ ወደ ቤታቸው ወጣሁ። ግማሹን ብቻ ተቀበሉኝ።